«ሊረዱን መጡ ወይስ ሊያዩን?»፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም፣ ሀሪኬን ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን የኒው ኦርሊንስ ከተማ ከመታ ሃያ ዓመት መሙላቱን ምክንያት በማድረግ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ጽሑፉ ከመላ አገሪቱ የመጡትና በአብዛኛው ነጮች የሆኑት በጎ ፈቃደኞች፣ በአብዛኛው ጥቁር ከሆኑት የከተማዋ ነዋሪዎች ጋር ጎን ለጎን ስለሠሩበት ጊዜ የሚያወሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ከደብዳቤዎቹ መካከል በዘር በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ ረጂና ተረጂ እንዴት ሊተማመኑ እንደሚችሉ የሚጠይቁትን መርጠን መልስ ሰጥተናል። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፋችሁን ሳነብ አንድ ነገር አልገባኝም። ቤቱን እስከ ጣሪያው ድረስ ውሃ የዋጠበት ሰው፣ ሊረዳው የመጣውን ሰው መልክ አይቶ የሚጠራጠረው ለምንድን ነው? ችግር ሰውን አንድ ያደርጋል ሲባል እሰማ ነበር።

መልስ፦ ችግር ሰውን አንድ የሚያደርገው ለሁሉም በእኩል ሲደርስ ነው፤ በኒው ኦርሊንስ ግን እንደዚያ አልሆነም። አውሎ ነፋሱ ኦገስት 29 ቀን 2005 የባሕሩን ዳርቻ ሲመታ ከተማዋን ከጎርፍ የሚከላከሉት ግንቦች በብዙ ቦታ ተደረመሱ፤ ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉም በውሃ ተዋጠ። ከተማዋን ለቃችሁ ውጡ የሚለው ትእዛዝ የወጣው ለሁሉም ነዋሪ ቢሆንም፣ ሊፈጽመው የቻለው መኪና፣ የነዳጅ ገንዘብና የሚጠጋበት ዘመድ ያለው ሰው ነበር። በየጣሪያው ላይ፣ በስታዲየሙና በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ በቂ ምግብና ውሃ ሳያገኙ ለቀናት የቆዩት በአብዛኛው ጥቁርና ድሃ ነዋሪዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የተፈጸመውም ከጎርፉ ባልተናነሰ በሰዎች ልብ ውስጥ ቀርቷል። ከተማዋን በእግራቸው ለቀው ለመውጣት የሚሲሲፒን ወንዝ ድልድይ ተያይዘው የተጓዙ ሰዎችን፣ ከወንዙ ማዶ የምትገኘው የግሬትና ከተማ ፖሊሶች ጠመንጃ ደግነው መንገዱን በመዝጋት ወደ ጎርፉ መልሰዋቸዋል። ሴፕቴምበር 4 ቀን በዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ጥቁር ነዋሪዎች ላይ ተኩሰው ሁለቱን ሲገድሉ አራቱን አቁስለዋል፤ ከዚያም ድርጊቱን ለመሸፈን የሐሰት ሪፖርት አዘጋጅተዋል። በጎርፍ ባልተጠቃው በአልጀርስ ፖይንት ሰፈር ደግሞ የታጠቁ ነጭ ነዋሪዎች መንገድ ዘግተው፣ በሰፈሩ ሲያልፉ ባዩአቸው ጥቁሮች ላይ ተኩሰዋል። በዚያው ሳምንት ሁለት የዜና ወኪሎች ካሰራጯቸው ፎቶግራፎች አንዱ፣ በውሃው ውስጥ ምግብ ይዞ የሚሄድን ጥቁር ወጣት መደብር እንደ ዘረፈ አድርጎ ሲገልጽ፣ ሌላው ያንኑ የሚያደርጉ ነጮችን ዳቦ እንዳገኙ አድርጎ ገልጿል።

እንግዲህ ጠያቂያችን የዚያን ሰፈር ነዋሪ ቦታ ይዘው ያስቡ። ማክሰኞ ዕለት ነጭ ሰው ጠመንጃ ይዞ ሲያባርርዎት ቆይቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ነጭ ሰው የውሃ ጠርሙስ ይዞ ደጅዎን ቢያንኳኳ፣ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን በምን ያውቃሉ? ልዩነቱን ሊያሳይ የሚገባው የመጣው እንግዳ ነው። በሕክምናው በኩል ደግሞ የቆየ ቁስል አለ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በአላባማ ግዛት፣ በተስኪጊ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች የቂጥኝ ሕመማቸው እንዳይታከም እያደረገ የበሽታውን ሂደት ሲከታተል መኖሩን በደቡብ የሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች አልረሱትም። ስለዚህ የነዋሪዎቹ ጥርጣሬ በዕውቀት ላይ የቆመ እንጂ በምክር የሚወገድ የአመለካከት ጉድለት አልነበረም ብለን እናምናለን፤ ይህን ያልተቀበለ በጎ ፈቃደኛም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ተሳስቷል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምኖር ነርስ ነኝ። ከዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ሄጄ፣ ሎወር ናይንዝ ዋርድ በሚባለው የኒው ኦርሊንስ ሰፈር ቤት በማጽዳት ሥራ ተሳትፌ ነበር። አንድ አዛውንት ግንቡ በጎርፍ የተደረመሰ ሳይሆን ሆን ተብሎ በፈንጂ የፈረሰ መሆኑን ነገሩኝ። እኔም የመሐንዲሶቹን ጥናት ጠቅሼ እንዲህ እንዳልሆነ በትሕትና ላስረዳቸው ሞከርሁ። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ጠለቅ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በእርስዎና በአዛውንቱ መካከል የተፈጠረው ነገር በዚያች ከተማ ውስጥ በብዙ ቤቶች ተደጋግሟል።

በመጀመሪያ እውነታው ላይ እንስማማ። ከ2005ቱ ጎርፍ በኋላ የተደረጉት የምህንድስና ምርመራዎች፣ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል የሠራቸው የቦይ ግንቦች በንድፍና በግንባታ ጉድለት መውደቃቸውን አረጋግጠዋል፤ አንዳንዶቹም ውሃው ከአናታቸው ሳይደርስ ተደርምሰዋል። ፈንጂ ለመኖሩ የተገኘ ማስረጃ የለም። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበሩ።

ይሁን እንጂ አዛውንቱ ይህን ሐሳብ ከባዶ አላፈለቁትም። በኤፕሪል 1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ባሰጋ ጊዜ፣ የኒው ኦርሊንስ ባንኮችና ነጋዴዎች መንግሥትን አግባብተው፣ ከከተማዋ በታች ካርናርቮን በተባለ ቦታ ግንቡ በዲናሚት እንዲፈርስ አድርገዋል። ውሃው የሴንት በርናርድንና የፕላክመንስን ወረዳዎች አጥለቀለቀ፤ ነዋሪዎቹ፣ ነጮችም ጥቁሮችም፣ ቃል ከተገባላቸው ካሳ ያገኙት በጣም ጥቂቱን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በሚሲሲፒ ግዛት በምትገኘው በግሪንቪል ከተማ ጥቁር ተፈናቃዮች በግንቡ አናት ላይ በተሠራ ካምፕ ውስጥ ታጣቂዎች እየጠበቋቸው በግዳጅ ይሠሩ ነበር፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዳቸውን ጀልባ እንዲሳፈሩ አልተፈቀደላቸውም፤ ምክንያቱም የጥጥ እርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ እንዳያጡ ፈሩ። በ1965 ሀሪኬን ቤትሲ መጥቶ ሎወር ናይንዝ ዋርድን ሲያጥለቀልቅ፣ ብዙ ነዋሪዎች ፍንዳታ ሰማን ብለው ነበር። በ2005 የሰባና የሰማንያ ዓመት አዛውንት የሆነ ሰው ሁለተኛውን ጎርፍ ራሱ አይቶታል፤ የመጀመሪያውን ደግሞ ከወላጆቹ ሰምቷል።

ስለዚህ አዛውንቱ የነገሩዎት በመልኩ ስለ ፈንጂ ቢሆንም፣ በውስጡ የያዘው «በዚህ አገር ድሃውን መስዋዕት አድርጎ ሌላውን ማዳን ተደርጎ ያውቃል» የሚል ምስክርነት ነበር፤ ይህም እውነት ነው። እርስዎ የመለሱት ላይኛውን ቃል ነው። ለምስክርነቱ ግን መልስ አልሰጡም። ከዚህም በላይ፣ የእርስዎን መልክ ያለው ሰው በዚያ አገር ምን እንደሚባል ባናውቅም፣ በዚያ ቀን የመጡት ከረጂዎች ጋር ነው፤ የተሸከሙትም የረጂዎችን ሥልጣን ነው። ተጎጂው ሰው ታሪኩን ሲናገር «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁት የመንግሥት ሠራተኞችና የኢንሹራንስ ገምጋሚዎች ነበሩ፤ ለዚያ ዓይነት ጥያቄ ጆሮው ንቁ ነው።

ማለት የነበረብዎ «በ1965 የት ነበሩ?» የሚል ጥያቄ ይመስለናል። መዋሸት ወይም ያላመኑበትን «አዎ» ማለት አያስፈልግዎትም፤ በቀጥታ ቢጠይቁዎት ያነበቡትን በሐቅ ይናገሩ። ነገር ግን ሳይጠየቁ ማረም ለሌላ ጊዜ ሊቆይ ይችል ነበር።

ጥያቄ፦ ኮመን ግራውንድ የተባለው ድርጅት በጥቁር ሰፈር ውስጥ በአብዛኛው ነጭ በጎ ፈቃደኞችን ይዞ እንዴት ተቀባይነት አገኘ? ሌሎች ያላደረጉትን ምን አደረገ?

መልስ፦ የሠሩት ሥራ ለብቻው ልዩ አልነበረም፤ ምግብና ውሃ ማደል፣ ማከምና ቤት ማጽዳት ሌሎችም ሠርተውታል። ልዩ የነበረው የጀመረበት ቦታና ባለቤቱ ነው። መሥራቹ ማሊክ ራሂም ቀድሞ ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል የነበረ፣ አልጀርስ በተባለው የኒው ኦርሊንስ ክፍል ይኖር የነበረ ጥቁር የሰፈሩ ሰው ነው። ጎርፉ በመጣ በሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ ከሰፈሩ ሰውና ከቴክሳስ ከመጡ ወዳጆቹ ጋር በራሱ ቤት ሆኖ፣ በ50 ዶላር እንደ ጀመሩት ይነገራል። መፈክራቸውም «አጋርነት እንጂ ምጽዋት አይደለም» የሚል ነበር። ነጮቹ የመጡት ሰው ጠርቷቸው ነው፤ ያረፉትም በተጠሩበት ሰው ግቢ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ የሰፈሩ ሰው ስሙን አስይዞ «እነዚህ ከእኔ ጋር ናቸው» ሲል፣ ቢያጠፉ የሚጠየቀው እርሱ እንደሆነ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቃሉ።

ከዚያም በአራት ቀን ውስጥ በሰፈሩ በሚገኘው በቢላል መስጊድ ነጻ ክሊኒክ ተከፈተ። ሐኪሞቹ ሰው ይመጣል ብለው አልተቀመጡም፤ በብስክሌት እየዞሩ ቤት ለቤት የደም ግፊት፣ የስኳርና የቁስል ሁኔታን ይጠይቁ ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ሳምንት መድኃኒቱን አጥቶ ነበርና፣ የደም ግፊት መለኪያ ይዞ ደጅ ላይ የቆመ ሰው ከጠመንጃ ያዡ ሰው የሚለይበት ምክንያት በግልጽ ይታይ ነበር። ብዙ ነዋሪዎች ወደ ክሊኒኩ መሄድ የጀመሩት ከእነዚህ የደጅ ጥየቃዎች በኋላ ነው።

በኋላ ሥራው ወደ ናይንዝ ዋርድ ሲዘልቅ ዋነኛው ጉዳይ ቤት ነበር። ለሳምንታት በውሃ ውስጥ የቆየ ቤት ግድግዳው፣ ወለሉና የቤት ዕቃው በሻጋታ ይወረሳል፤ እስከ እንጨት ማገሩ ድረስ ተነቅሎ ካልደረቀ አይድንም። ሎወር ናይንዝ ዋርድ ድሃ ሰፈር ይሁን እንጂ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የራሱ ቤት ባለቤት ነበር፤ ብዙው ቤት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደ ነው። በጎ ፈቃደኛው በአካፋ የሚዝቀው ጭቃ ውስጥ የሠርግ ፎቶ፣ የቤቱ ካርታ፣ የሟች እናት መጽሐፍ ቅዱስ አለ። በብዙ የአደጋ ቦታዎች የሚሠራበት አንድ ደንብ አለ፤ እኛም ከሁሉ በላይ እናከብረዋለን። ምንም ነገር ከመጣሉ በፊት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ ከሌለ ደግሞ ፎቶ፣ ሰነድና የሃይማኖት ዕቃ ሁሉ፣ የተበላሸ ቢመስልም፣ በረንዳ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። የሚጣለውን የሚወስነው ባለቤቱ እንጂ ጓንት ያጠለቀው ሰው አይደለም።

ድርጅቱ እንከን አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሲመጡ ከእነርሱ ጋር ችኩልነት፣ ጉራና ለራስ ጀብድ ማደንም መጥቷል፤ አንዳንዶቹ በጥቁር ሰፈር ውስጥ ስለ ዘር ጭቆና ለጥቁሮች ማስተማር ይቃጣቸው ነበር። ለዚህም በ1980 የተመሠረተውና በከተማዋ የሚሠራው ፒፕልስ ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት ስለ ዘረኝነት ሥርዓት የሚሰጠው ስልጠና ለብዙ በጎ ፈቃደኞች እንዲደርስ ተደርጓል። ከኮመን ግራውንድ ቀደምት መሪዎች አንዱ የሆነ ነጭ ሰው ደግሞ፣ ቆይቶ ለፌደራል የምርመራ ቢሮ መረጃ አቀባይ ሆኖ መሥራቱን በ2008 መጨረሻ ራሱ በይፋ ሲናገር፣ የተገነባው እምነት ለብዙ ሰው እንደገና ተናግቷል። እንዲህ ያለ ክህደት የሚያሳየው የግለሰቡን ጠባይ ብቻ አይደለም፤ እምነቱ በሰው ላይ ብቻ ቆሞ በአሠራር ካልተደገፈ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውንም ይዞ እንደሚወድቅ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ሰዎች አብረው ሲሠሩ ጥላቻው በራሱ አይጠፋም? የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ነኝ፤ መምህራችን «መቀራረብ መድኃኒት ነው» ይላሉ።

መልስ፦ መምህርዎ የተነሡበት ምርምር ጠንካራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንዳስቀመጡት፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው በተለይ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ በትብብር ሲሠሩና የሚያስተዳድራቸው አካል ግንኙነቱን ሲደግፍ ነው። በ2006 የታተመ ከ500 በላይ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተናም መገናኘት በእርግጥ ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ እነዚህ ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ውጤቱ እንደሚበረታ አሳይቷል።

ነገር ግን በአደጋ ቦታ ከአራቱ የመጀመሪያው፣ ማለትም እኩል ደረጃ፣ ከመነሻው ይጎድላል። አንዱ ቤት አጥቷል፤ ሌላው ቤቱ ደህና ነው። አንዱ መቼ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሌላው የሚሄድበት የለውም። ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነገር ግኝት አለ፦ የመቀራረብ በጎ ውጤት በብዙኃኑ ዘር አባላት ላይ ከሚታየው ይልቅ በአናሳው ዘር አባላት ላይ ደከም ያለ ነው። ይህም ማለት፣ ሳምንቱን አብረው የሠሩ ነጭ በጎ ፈቃደኛና ጥቁር ተጎጂ ሲለያዩ፣ በመካከላቸው እምነት ተፈጥሯል ብሎ የማመን ዕድሉ የሚበልጠው በጎ ፈቃደኛው ነው። ልቡ ሞቆ፣ ተቃቅፎ ተለያይቶ ይሄዳል። ሌላው ግን ገና እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እምነት መኖር አለመኖሩን የሚመሰክረው ረጂው አይደለም ብለን በጽኑ እናምናለን። ምልክቱ ተጎጂው «አይሆንም» ማለት መቻሉ ነው። ረጂው ያቀረበውን ሐሳብ ውድቅ አድርጎ፣ እርዳታው ሳይቋረጥበት፣ ነገ ደግሞ ያለ ፍርሃት ሌላ ነገር መጠየቅ ከቻለ እምነት አለ። ለሁሉም ነገር «አመሰግናለሁ» ብቻ የሚል ሰው የሚፈራ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የጉብኝታችንን ፎቶግራፎች ለጋሾች ስለሚፈልጉ ማንሳት ግድ ይለናል። ይህ ነውር ነው?

መልስ፦ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው። በኒው ኦርሊንስ አስጎብኚ አውቶብሶች የፈረሱ ቤቶችን ለማሳየት ሰው ጭነው ሲመላለሱ፣ ነዋሪዎች ቁጣቸውን በሰሌዳ ጽፈው በየደጃቸው ሰቅለው ነበር። ባለቤቱ ፎቶውን አይቶ ከፈቀደ፣ የት እንደሚወጣ ከተነገረው፣ እንዳይወጣ ቢጠይቅም ጥያቄው ከተከበረ ግን ሥራ ነው። ለጋሹ ከዚህ ውጭ ከጠየቀ ለለጋሹ እምቢ ይበሉት።

ጥያቄ፦ የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ አካፋ አልችልም። በእንዲህ ያለ ቦታ ከጉልበት ሥራ ውጭ እምነት የሚያስገኝ ምን ሥራ አለ?

መልስ፦ እንዲያውም በኒው ኦርሊንስ ከአካፋው ይልቅ ብዙ ቤት ያዳነው ወረቀት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከተማዋ በ2005 መጨረሻ ላይ የተጎዱ ቤቶችን ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በቡልዶዘር ልታፈርስ ስትዘጋጅ፣ ጠበቆች በነዋሪዎች ስም ክስ መሥርተው፣ በጃንዋሪ 2006 ባለቤቶች አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲደርሳቸው የሚያደርግ ስምምነት ላይ ተደርሷል። በዚያው ወር የከተማዋ መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ባቀረበው ካርታ ላይ፣ ጎርፍ ያጠቃቸው አንዳንድ ሰፈሮች ወደፊት መናፈሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ በአረንጓዴ ክብ ምልክት ተደርጎባቸው በጋዜጣ ሲወጣ፣ የየሰፈሩ ሰው በቁጣ ተነሥቷል። ቤትህን ላጽዳልህ ብሎ የሚመጣ ሰው በካርታው ላይ ስላለው ክብ አንድ ቃል የማይናገር ከሆነ፣ ነዋሪው ከማን ጋር እንደሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የከፋው «ሮድ ሆም» የተባለው፣ ከተማዋ የምትገኝበት የሉዊዚያና ግዛት የመልሶ መገንቢያ ድጎማ ነው። ድጎማው እስከ 150,000 ዶላር ሊደርስ ቢችልም፣ የሚሰላው ከጎርፉ በፊት በነበረው የቤቱ ዋጋና በጥገናው ወጪ መካከል አነስተኛውን በመውሰድ ነበር። በጥቁር ሰፈር ያለ ቤት በነጭ ሰፈር ካለ ተመሳሳይ ቤት ያነሰ ዋጋ ስለሚገመትለት፣ ሁለት ጎረቤታሞች ሰፈሮች ውስጥ ያሉ ሁለት አንድ ዓይነት ቤቶች ለመጠገን እኩል ወጪ እየጠየቁ፣ የጥቁሩ ቤት የሚያገኘው ድጎማ ያንስ ነበር። ሕጉ የማንንም ዘር አይጠቅስም፤ ውጤቱ ግን በዘር ተከፍሏል። በ2008 የመኖሪያ ቤት መብት ተሟጋቾች ከጥቁር ባለቤቶች ጋር ሆነው ከሰሱ፤ በ2011 በተደረሰ ስምምነትም ለተጎዱ ባለቤቶች 62 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ተመድቧል። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ቤቱ በአያት ስም እንደ ተጻፈ ስለ ቆየ፣ ወራሾች ባለቤትነታቸውን በሰነድ ማሳየት አቅቷቸው ድጎማውን ሳያገኙ ቀርተዋል። ከየዩኒቨርሲቲው የመጡ የሕግ ተማሪዎች ይህን የውርስ ሰነድ በማስተካከል ያገለገሉት አገልግሎት ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል።

ጠያቂያችን የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ተጎጂው ቅጹን ሲሞላ አጠገቡ ይቀመጡ፤ ሳይፈርም የሚፈርምበትን አንድ በአንድ ያንብቡለት፤ የሰነዱን ቅጂ ለራሱ ይስጡት እንጂ በእርስዎ ፋይል ውስጥ ብቻ አይቅር።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የምትጽፉት ስለ ነጭና ጥቁር ነው። ሌሎች ዘሮችስ? ሌላ አገርስ?

መልስ፦ ትክክል ነዎት። በዚያችው ከተማ በስተምሥራቅ የሚኖሩ የቬትናም ተወላጆችና ጥቁር ጎረቤቶቻቸው ከጎርፉ በፊት ብዙም የማይነጋገሩ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2006 የከተማው ከንቲባ ሬይ ናጊን በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣናቸው የጎርፉን ፍርስራሽ የሚጥሉበት ትልቅ የቆሻሻ ማከማቻ በሰፈራቸው አቅራቢያ እንዲከፈት ሲፈቅዱ፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው ተቃወሙ፤ ማከማቻውም በኦገስት ተዘጋ። ከመተዛዘን ይልቅ ለአንድ ጥቅም አብሮ መቆሙ ያቀራረባቸው ይመስለናል።

ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ የጃፓን ታሪክ በጣም ያስተምራል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 በቶኪዮ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ፣ ኮሪያውያን የጉድጓድ ውሃ መርዘዋል የሚል ወሬ ተነዝቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ተገድለዋል። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ደግሞ ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ፤ ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ናጋታ በተባለው ቀበሌ ብዙ ኮሪያውያንና ከቬትናም የመጡ ስደተኞች ይኖሩ ነበር፤ የ1923ቱን ታሪክ የሚያውቁ ኮሪያውያንም በፍርሃት ተይዘው ነበር። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜው ነገር አልተደገመም። በአደጋው በሁለት ሳምንት ውስጥ በኮሪያ ቋንቋ የሚያስተላልፍ አነስተኛ ሬዲዮ ተጀመረ፤ በጸደይ ወራት በቬትናምኛ የሚያስተላልፍ ሌላ ተከተለ፤ ሁለቱም በዚያው ዓመት ተዋህደው በብዙ ቋንቋ የሚናገር የሰፈር ጣቢያ ሆኑ። ውሃ የት እንደሚታደል፣ የትኛው መጠለያ ክፍት እንደሆነ በራስ ቋንቋ፣ ከራስ ሰው አፍ መስማት ወሬን የሚገድል መሣሪያ ነው። ጃፓናውያን በጎ ፈቃደኞችም በጣቢያው ውስጥ ረድተዋል፤ ማይክሮፎኑ ግን የሰፈሩ ነዋሪዎች ነበር።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ጎርፍ ወደመታው አንድ ቦታ ለሁለት ሳምንት ብቻ እሄዳለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ የሚናገሩትን ሰዎች ታሪክ ካነበብሁ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት ምን ይጠቅማል ብዬ ተጠራጠርሁ። ልቅር?

መልስ፦ አይቅሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቤት ሊጸዳ፣ አንድ ቅጽ ሊሞላ፣ አንድ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ሁሉ በራሱ በቂ ምክንያት ነው። የሁለት ሳምንት ሰው የሚሳሳተው የሁለት ዓመት ሰው መስሎ ሲቀርብ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚሄዱበትን ቀን ይናገሩ። «እመለሳለሁ» ብለው ቃል አይግቡ፤ ከተመለሱ ደስ ይላቸዋል፤ ካልተመለሱም አልዋሹም። ሕፃናት በተለይ እየመጣ የሚሄደውን ሰው ይቆጥራሉ፤ ስለዚህ ለእነርሱም በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው።

ከመሄድዎ በፊት የሚልክዎትን ድርጅት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በዚያ ቦታ ማን ጠራችሁ፤ ከተጎጂዎቹ መካከል በውሳኔ ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ ወይ፤ የጀመርሁትን ሥራ ከእኔ ማን ይረከባል። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰው ስም፣ ለሁለተኛው የስብሰባ ቀን፣ ለሦስተኛው ደግሞ የተጻፈ የርክክብ ዝርዝር መልስ ካገኙ ይሂዱ። ካላገኙ፣ ያንኑ ሁለት ሳምንት የሚሰጡበት ሌላ ድርጅት እንዲፈልጉ እንመክራለን፤ በአብዛኛው የአደጋ ቦታ የተጎጂዎች የራሳቸው ማኅበር፣ ዕድር ወይም የእምነት ቤት አለና፣ ከእነርሱ መጀመር ይሻላል።